የአቃቂው ደላላ፤ ስለ ቤት ሽያጭና ስለ ጉርብትና



ደላላ የሚለው ስም ለጆሮ ደስ የማያሰኝ መሆኑን እኔ ራሴ ደላላ ስለ ሆንሁ ከማንም ይልቅ ዐውቀዋለሁ። ሰው ቤት ለመሸጥ ወይም ለመግዛት ባሰበ ጊዜ ደላላን ከማለዳ ጀምሮ ይፈልገዋል፤ ጉዳዩ ከተፈጸመለት በኋላ ግን በመንገድ ቢያገኘው እንደማያውቀው ሆኖ ያልፋል። ይህንንም የምናገረው ለማማረር አይደለም፤ ስሙን ያጎደፍነው እኛው ራሳችን ነንና።

ዳሩ ግን ደላላ ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰው ቤት ውስጡ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻ ሳይሆን ጓዳውን፥ ከቁም ሣጥን በስተኋላ የተሸሸገውን የግድግዳ ስንጥቅ፥ በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተጻፈውን የልጆች ቁመት ሁሉ ያያል። ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ፥ ወንድማማቾችም ስለ ውርስ ሲከራከሩ በመካከል ተቀምጦ ይሰማል። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ከብዙ ዓመት ሥራዬ የተማርሁትን፥ ይልቁንም ከአንዲት እናት የተማርሁትን ጥቂት ነገር ለአንባቢዎች ባካፍል ድፍረት አይሆንብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምሠራበት ስፍራ አቃቂ ነው። አቃቂን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከአዲስ አበባ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ የሚገኝ፥ ሜዳው ሰፊ፥ አየሩም ከእንጦጦ ይልቅ ሞቅ ያለ አገር ነው። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 እዚህ ደረሰ፤ ወደ አዲስ አበባ የገባው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። እንግዲህ አቃቂ ለሁለት ዓመት ያህል የሐዲዱ ዳርቻ ሆና የዋና ከተማው በር ነበረች ብንል ሐሰት አይሆንም። ከዚያም በኋላ ፋብሪካዎች በተከታታይ ተተከሉ፤ የጨርቃ ጨርቁና የብረታ ብረቱ ሥራ ከየአውራጃው ሰው እየሳበ አመጣ፤ የመጣውም ሠራተኛ ከደመወዙ እየቈጠበ፥ እቁብም እየጣለ፥ ጭቃውን በጎረቤት እርዳታ እየመረገ ቤቱን ሠራ። ዛሬ እኔ የምሸጣቸው አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ አኳኋን የተሠሩ ናቸው።

የአሁኑ ዘመን ደግሞ ሌላ መንገድ አመጣ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ በ2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ የሚነሣው የከተማ ባቡር ቃሊቲ ድረስ መሥራት ጀመረ። የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም በገላን፥ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ሜዳ ላይ በብዛት ቆሙ። መንገድ በወጣ ጊዜ ቤት ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ዋጋው ይንቀሳቀሳል። ትናንት «ከከተማ ውጭ ነው» ብሎ የናቀው ሰው ዛሬ «ለመንገድ ይቀርባል» እያለ ይፈልገዋል።

ስለ ቤት ሽያጭ ከመናገራችን በፊት የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጡት ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ በባለቤትነት የሚያዝና የሚሸጥ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቦታ እንደ ማንኛውም ንብረት ሲሸጥና ሲወረስ ኖረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናውም ሕገ መንግሥት በዐንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። እንግዲህ ዛሬ ሰው የሚሸጠው በቦታው ላይ የቆመውን ቤት ነው፤ ቦታውን የሚይዘው በነባር ይዞታ ወይም በሊዝ ነው።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ያስገርማል። ገዥው በውሉ ላይ «ቤት ገዛሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ገንዘቡን ሲቈጥር ግን ዐይኑ በቦታው ላይ ነው። ከመንገድ ዳር ያለች ጣራዋ የዛገ የጭቃ ቤት፥ በዓመቱ እንደምትፈርስ ሁሉ እያወቀ፥ ከመንገድ ርቆ ከቆመ ከመልካም የብሎኬት ቤት ይልቅ በብዙ ገንዘብ ትሸጣለች። ስለዚህ ቤቱን በላቡ የሠራ ሽማግሌ፥ ገዥው ግድግዳውን ሳያይ ቦታውን በርምጃ ሲለካ ባየ ጊዜ ያዝናል። ዕድሜ ልኩን የደከመበት ነገር በገዥው ዐይን እንደ ፍርስራሽ መቈጠሩን ይረዳዋልና።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዐሥር ዓመት በፊት አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ለጋብቻው ቤት እንድፈልግለት ለመነኝ። ገንዘቡ የራሱ፥ የአባቱና ከባንክ የተበደረው ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነበረና መሬቱ ደርቋል፤ ያሳየሁት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር። ቀለሙ የተቀባው ስለ ምን እንደ ሆነ እኔ ዐውቅ ነበር። ሻጩ ከሁለት ሳምንት በፊት የጓዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ሲደፍን አይቻለሁ። ነገር ግን ዝም አልሁ። ከሽያጩ ከመቶ ሁለት የሚደርሰኝ ነበረና፥ «ያልጠየቀኝን ስለ ምን እናገራለሁ?» ብዬ ልቤን አታለልሁት።

በነሐሴ ወር ስልክ ደወለልኝ። ሄጄ ባየሁ ጊዜ ግድግዳው ከማዕዘኑ ተላቆ የሰው እጅ የሚያስገባ ሆኖ ነበር። ሚስቱ ስለ ፀነሰች በዚያ ክፍል መተኛት ፈርታ ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። ልጁ አልሰደበኝም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ጋሼ፥ እርስዎ ይህን አያውቁም ነበርን?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔም «አላውቅም» አልሁት። በሥራዬ ዘመን ከተናገርኋቸው ቃላት ሁሉ የሚቈጨኝ ይህ አንድ ቃል ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ልግለጸው። የአቃቂ ሜዳ ብዙው ስፍራ ወልካ የሚባል ጥቁር አፈር ነው። ወልካ ለጤፍና ለሽንብራ መልካም ነው፤ ለቤት መሠረት ግን ክፉ ባላጋራ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፥ ይሰነጠቃልም። ቤቱ በላዩ ሆኖ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይነሣል፥ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ በወልካ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን እስከ ጽኑው መሬት ድረስ አስቆፍሮ ማስወጣት፥ በስፍራውም ተመርጦ የመጣ አፈርና ድንጋይ ማስሞላት፥ የጣራውም ውኃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲፈስ ማድረግ ይገባዋል። ይህ ወጪ ከመሬት በታች ተቀብሮ የሚቀር ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳለታል። መሠረቱን የነፈገው ገንዘብ ግን በኋላ በግድግዳው በኩል እጥፍ ሆኖ ይጠየቃል።

ወደ አሰብሁት ታሪክ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤታቸውን እንድሸጥ በልጆቻቸው በኩል አስጠሩኝ። ባለቤታቸው በፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ያረፉ ሰው ናቸው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው በውጭ አገር ይኖራል፥ ሁለተኛው በሐዋሳ ይሠራል፥ ሦስተኛዋ ሴት ልጅ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷት ትኖራለች። በባልና ሚስት የጋራ ንብረት ላይ እኩሌታው የእናትየው ነው፤ የሟች ድርሻ ደግሞ ለልጆቹ ይተላለፋል። ወንዶቹ ልጆች ድርሻቸውን ፈለጉ። ክፉ ልጆች ናቸው አልልም፤ አንዱ በስደት አገር ዕዳ አለበት፥ ሁለተኛው ቤት ለመሥራት ጀምሮ ገንዘብ አልቆበታል። ሁለቱም ውክልናቸውን ለእኅታቸው ላኩ። እናትየውም «ልጆቼ ከሚጣሉ ቤቱ ይሸጥ» ብለው ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ገዥ የመጣ ዕለት እናትየው ግቢውን አስጠርገው፥ ቄጤማ ጎዝጉዘው፥ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ሰውየው ነጋዴ ነበር። ቤቱን ወደደው፤ እኔም ደስ አለኝ። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ግን እናትየው ሲኒውን እየሰበሰቡ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ይህ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ በየክረምቱ ይሰነጠቃል። ባለቤቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በየመስከረሙ ይደፍኑት ነበር። ውኃም በየቀኑ አይመጣም፤ ሌሊት ተነሥቶ መቅዳት ነው።» ሰውየውም አመስግኖ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ለአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ እንደሚደርስ ለሚያውቅ ሰው፥ እዚያው አቃቂ ውስጥ እንስራ ይዞ ሌሊት መነሣት የሚያስገርም ነገር ነው፤ ነገር ግን እናትየው የተናገሩት እውነት ነበር።

ሁለተኛው ገዥ በመጣ ጊዜ አስቀድሜ ለመንኋቸው። «እማማ፥ እባክዎ ዛሬ ስለ ግድግዳው አይንገሩት» አልኋቸው። እርሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ስለ ግድግዳው አልተናገሩም፤ ነገር ግን ነፋሱ በዞረ ጊዜ ከወንዙ በኩል ሽታ እንደሚመጣ፥ በ«ሐምሌ አቦ» ሰሞን ጎርፉ እስከ በሩ ድረስ እንደሚደርስ አንድ ባንድ አስረዱት። እርሱም ሄደ።

በዚህ ጊዜ ተቈጣሁ። «እማማ፥ ቤቱን ለመሸጥ አልፈለጉም መሰለኝ፤ የማይፈልጉ ከሆነ እኔም አልድከም፥ ልጆችዎም ተስፋ አያድርጉ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን ሳይቈጡ እንዲህ ብለው መለሱልኝ፤ «ልጄ፥ ቤቱን ለመሸጥ ፈቅጃለሁ፤ ጎረቤቶቼን ለመሸጥ ግን አልፈቀድሁም። የሚመጣው ሰው ተታሎ ቢገባ እኔ የለሁም፤ አንተም የለህም። ንዴቱን የሚያወርደው አጥር ለአጥር በሚገናኙት ላይ ነው። ጎርፉን እነርሱ የለቀቁበት፥ ግድግዳውንም እነርሱ የገፉበት ይመስለዋል። ዐውቆ የገባ ሰው ግን ከቤቱ ጋራም ከሰዎቹም ጋራ ይስማማል።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ ያ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በዐይኔ ላይ መጣብኝ፤ የምመልሰውም አጣሁ። እኔ ሽያጭ ማለት ሻጭና ገዥ ብቻ ያሉበት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እኒህ ፊደል ያልቈጠሩ እናት ግን በውሉ ላይ የማይፈርም ሦስተኛ ወገን እንዳለ፥ እርሱም ጎረቤት እንደ ሆነ አስተማሩኝ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገራለን፤ ቤት ስንሸጥ ግን ማን ያስበዋል?

በሦስተኛው ጊዜ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ መጡ። ባልየው መምህር፥ ሚስትየዋ የሕክምና ሠራተኛ ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። አሁን እኔው ራሴ ቀድሜ ስለ ግድግዳው፥ ስለ ውኃውና ስለ ጎርፉ ነገርኋቸው። እናትየው በመገረም ተመለከቱኝ። ሚስትየዋም ሁሉን ከሰማች በኋላ «ጎረቤቶቹስ እንዴት ያሉ ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱና ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ ቶናው ሳይወርድ አራት ሴቶች በቡናው ዙሪያ ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ መሠረቱን ለማስጠገን የሚበቃ ገንዘብ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስላቸው ጠየቁ። ከውጭ አገር ያለው ልጅ በስልክ ተቃወመ፤ እናትየው ግን «የቀነስሁት ከእኔ እኩሌታ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ውሉም ተፈረመ፤ እኔም ከመቶ ሁለቴን ተቀበልሁ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ዳሩ ግን አላለቀም። እናትየው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄዱ። ቤቱ ጽዱ ነው፤ ልጅቱም በእውነት ታከብራቸዋለች። ነገር ግን ቤቱ በአራተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃውም የሰው ማንሻ የለውም። በክረምት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጅቱ ከማለዳ እስከ ማታ በሥራ ላይ ነች። እርሳቸው ጉልበታቸው ደካማ ስለ ሆነ ደረጃውን ወርደው ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። «እንዴት ሰነበቱ እማማ?» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጄ፥ ከዚህ ሆኜ ሰው ሁሉ ይታየኛል፤ የሚያየኝ ግን የለም» አሉኝ።

ከዚያ ስወርድ ደረጃውን ቈጠርሁት። ስለ ቤቱ ካርታውን ጠይቄአለሁ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፥ ግብሩም እንደ ተከፈለ አጣርቻለሁ፤ ሻጭዋ ከሸጡ በኋላ የት እንደሚኖሩና ስንት ደረጃ እንደሚወጡ ግን አልጠየቅሁም ነበር። ይህ የደላላ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ።

ለልጅቱ ነገርኋት፤ እርስዋም አለቀሰች። ሳታስበው የቀረች ሆና እንጂ እናትዋን ንቃ አልነበረም። በመስከረም ወር የራስዋን ቤት አከራይታ፥ በዚያው ግቢ ከምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየች። ለማከራየቱም ሕጉን ተከትለን አደረግን፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የሚመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት የማያንስ ነውና። አሁን እናትየው በራቸው ክፍት ሆኖ ይውላል። የብሎኩ ሴቶች ከሥራ ሲመለሱ በዚያ ያልፋሉ፤ ቡናም ይጠጣሉ። አዲስ እድር ሊመሠርቱ ባሰቡ ጊዜ የእድርን ሥርዐት ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁ እርሳቸው ናቸውና ደንቡን እንዲያወጡ ከሽማግሌዎቹ ጋራ መረጧቸው። የአቃቂውንም እድራቸውን አልተዉም፤ በየወሩ በታክሲ ሄደው ይከፍላሉ። «እማማ፥ ሁለት እድር ለምን ይከፍላሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ያኛው የምቀበርበት ነው፤ ይህኛው የምኖርበት ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር እናውጣ።

አንደኛ፤ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቤቱን ሁለት ጊዜ ይየው፤ አንድ ጊዜ በበጋ፥ አንድ ጊዜ በክረምት። ክረምትን ለመጠበቅ ጊዜ ባይኖረው አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ይልቁን ይመርምር፤ ከግቢው ውጭም ሆኖ ጎርፍ በድንጋይና በአጥር ላይ የተወውን ምልክት ይመልከት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ በጥድፊያ የተገዛ ቤት በንስሐ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፤ ካርታውን ከሻጩ እጅ ብቻ አይቶ አይመን፤ ወደ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዶ ያጣራ። የጋራ መኖሪያ ቤት በሆነ ጊዜ ይልቁንም ይጠንቀቅ። በዕጣ የደረሰ ቤት እስከ አምስት ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው በምስጢር ውል ገንዘቡን ከፍሎ ዘመኑ ሲደርስ ቤቱ ስለ ተወደደ ሻጩ ቃሉን አጥፎበታል። ከሕግ የተሸሸገ ውል በሕግ ፊት ሲቀርብ አፍ የለውም።

ሦስተኛ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በዝምድና ወይም በሃይማኖት ወንድማማችነት ተማምኖ በቃል ብቻ ገንዘብ መስጠት ቸርነት አይደለም፤ ዘመድን ለፈተና ማጋለጥ ነው።

አራተኛ፤ ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የጋራ ቤትን አይሽጡ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። እኔም ሚስት በሌለችበት ቤት ለማሳየት የሚጠራኝን ባል «ባለቤትዎ ሲመለሱ እመጣለሁ» ብዬ መመለስን ተምሬአለሁ።

አምስተኛ፤ ልጆች የወላጅን ቤት ከመሸጣቸው በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ ይመርምሩ። የሰርቪስ ቤቶቹን አከራይቶ ኪራዩን መካፈል ይቻላልን? ከወንድማማቾቹ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ቀስ በቀስ ሊገዛ ይችላልን? መሸጡ የግድ ከሆነም ዋጋው ከመነገሩ በፊት «እናታችን ወይም አባታችን የት ይኖራሉ? ከማን ጋራ ይውላሉ?» የሚለው ጥያቄ ይመለስ።

ስድስተኛ፤ ሻጭ የቤቱን ጉድለት ይናገር። ይህን ብናገር የሙያ ጓደኞቼ እንደሚስቁብኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጉድለቱን ተናግሬ የሸጥኋቸው ቤቶች ዋጋቸው ጥቂት ዝቅ ቢልም ገዥዎቹ ሌላ ገዥ ይዘውልኝ መጥተዋል። ተታሎ የገዛ ሰው ግን ለደላላው የሚያመጣለት ክስና እርግማን ብቻ ነው።

በመጨረሻም ስለ ከተማችን ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ በየጊዜው የምትፈርስና የምትሠራ ከተማ ነች። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደዚህ ወደ እኛ ክፍለ ከተማ፥ ወደ ገላን ጉራ መጥተዋል። ከተማ ሲታደስ ሰው ከነበረበት መነሣቱ የማይቀር ነው ይባላል፤ ይህን እኔ አልከራከርም። ነገር ግን ቤት በቤት ይለወጣል፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጣ ቡና ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። በአንድ አጥር የኖሩት ሰዎች አንዱ በሰሜን፥ አንዱ በደቡብ የደረሰው እንደ ሆነ፥ በኀዘን ቀን ድንኳን የሚተክል፥ በወሊድ ቀን ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ ሰፈር በምታነሡበት ጊዜ ከካርታውና ከካሬ ሜትሩ ጋራ የእድሩን መዝገብ አብራችሁ ብታዩ፥ አብረው የኖሩትንም በአንድ ብሎክ አብራችሁ ብታሳርፉ፥ የምትጨምሩት ወጪ ጥቂት፥ የምታተርፉት ግን ብዙ ነው።

አዲስ ሰፈር የገባችሁም ወገኖች ሆይ፥ ጉርብትና ከመንግሥት ከቁልፍ ጋራ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከእናንተ አንዱ በሩን ከፍቶ፥ ከሰል አቀጣጥሎ፥ የማያውቀውን ሰው «ቡና ጠጡ» ብሎ እስኪጠራ ድረስ አይጀመርም።

ያ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬም በዚያው ቤት ይኖራል። መሠረቱን በብዙ ገንዘብ አስጠግኖታል። ባለፈው ዓመት ሄጄ «ዐውቅ ነበር» አልሁት፤ የተቀበልሁትንም የድለላ ገንዘብ በፖስታ አድርጌ አቀረብሁለት። ገንዘቡን አልተቀበለኝም፤ ነገር ግን በቤቱ አስቀምጦ ምሳ አበላኝ፤ ልጁም፥ በዚያ ክረምት በእናቱ ማሕፀን የነበረው፥ ውኃ አምጥቶ እጄን አስታጠበኝ። ይህን ያህል ከባድ ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።